“መጨረሻ የነካት ማን ነው?” ይሉ የነበሩት የአቶ ነገሪ ዋቅሹማ ዜና ሕይወት

ክቡራን ካህናት አባቶች፣ የእድራችን አባላት፣ ጎረቤቶችና ዘመዶች፤

በልማዳችን ከሟች በኋላ የቀሩት ሰዎች ስም የሚጠራው በዜና ሕይወቱ መጨረሻ ላይ ነው። አቶ ነገሪ ዋቅሹማ ግን በሥራ ዘመናቸው ሁሉ የማንንም መኪና ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት በዙሪያው የቆመውን ሰው አንድ በአንድ በስሙ የሚጠሩ፣ ከዚያም “መጨረሻ የነካት ማን ነው?” ብለው የሚጠይቁ፣ መልሱን ሳይሰሙም መፍቻ የማያነሡ ሰው ስለነበሩ፣ ቤተሰባቸው ዛሬም በእርሳቸው ሥርዓት እንዲጀመር ፈቅዷል።

ስለዚህ በቅድሚያ ስም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደሚቱ ጉደታ እዚህ አሉ። የበኩር ልጃቸው አቶ ቶኩማ ነገሪ እዚህ አሉ። ሴት ልጃቸው፣ በነርስነት የሚያገለግሉት ወይዘሮ ጊፍቲ ነገሪ እዚህ አሉ። ከሥራ ባልደረባነት አልፈው ወንድም የሆኗቸው አቶ በከር ይማም እዚህ አሉ። የእድራችንና የሕንጻችን ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ሸዋንግዛው ተሰማም እዚህ አሉ። ዛሬ በሐዘን የቆሙት እነዚህ ሰዎች በ2004 ዓ.ም. በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት አሮጌ አረንጓዴ መኪና ፊት፣ በተጠርጣሪነት ተሰልፈው ነበር፤ ነገሩም በቦታው ይነገራል።

በክርስትና ስማቸው ኃይለ ማርያም የተባሉት አቶ ነገሪ፣ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በዚህ በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከጎናቸው ሳሉ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። በሕይወታቸው ዕረፍት የሚባል ነገር ያላወቁትን እኚህን ሰው ቸሩ አምላክ በደጋግ አባቶች ጉያ እንዲያሳርፍልን እየለመንን ወደ ታሪካቸው እንገባለን።

አቶ ነገሪ በ1937 ዓ.ም. ከሆለታ ወጣ ብሎ በሚገኘው የወልመራ ምድር ከአባታቸው ከአቶ ዋቅሹማ ኤጀታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዳቱ ቶላ ተወለዱ። እናታቸው እህል ሊያስፈጩ ሲሄዱ አብረው እየሄዱ፣ ሌላው ተራውን ሲጠብቅ እርሳቸው ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ተቀምጠው የሞተሩን ድምፅ ያዳምጡ እንደነበር፣ አንድ ቀን ድምፁ ገና ሳይቋረጥ “ሊጠፋ ነው” ብለው ወፍጮው ወዲያው ሲጠፋ፣ ባለወፍጮው “ይህ ልጅ ምን ነካካብኝ?” ብሎ ጆሯቸውን እንደቆነጠጣቸው ራሳቸው እየሳቁ ይተርኩት ነበር። ምንም አልነካኩም ነበር። ማንም ሰው ሳይጠየቅ እንዳይወቀስ፣ ሳይጠየቅም እንዳያመልጥ የነበራቸው ጽኑ እምነት የመነጨው ከዚያች ቁንጥጫ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሆለታ ከፈጸሙ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክነት ተመርቀው፣ በአንድ የመንግሥት ትራንስፖርት ድርጅት ጋራዥ ተቀጠሩ። ወሎ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉትን አቶ በከርን ያገኙት በዚያ ነው። አቶ በከር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነው የገቡ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ቀን አቶ ነገሪ “ሽቦ ታውቃለህ?” ብለው ቢጠይቋቸው “ሽቦ ነው እኔን የሚያውቀኝ” ብለው በመመለሳቸው ለብዙ ጊዜ “በከር ሽቦው” እየተባሉ ተጠርተዋል።

አቶ ነገሪ በ1967 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደሚቱ ጉደታ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልደታ አካባቢ ጎጆ ወጡ። በተጋቡ በዓመቱ ባለቤታቸውን መንዳት ለማስተማር ከጓደኛ በተዋሱት መኪና ወደ ልደታ አሮጌው አውሮፕላን ሜዳ ይዘዋቸው ሄደው ነበር። ትምህርቱ ግን ብዙም አልገፋ፤ አቶ ነገሪ ማርሹ በጮኸ ቁጥር ከማርሹ በላይ ይጮኹ ስለነበር፣ ወይዘሮ ደሚቱ መኪናዋን ከሜዳው መካከል አቁመው፣ በሩን በቀስታ ዘግተው፣ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም፤ ባለቤታቸውም ደግመው አልጠየቋቸውም። አቶ ቶኩማና ወይዘሮ ጊፍቲ ከተወለዱ በኋላም ይህ ነገር በቤቱ ውስጥ ሳይታረቅ የቀረ ብቸኛው ጠብ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1984 ዓ.ም. የነበሩበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ ሁለቱ ባልንጀሮች ከልደታ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ዳር የራሳቸውን አነስተኛ ጋራዥ ከፈቱ። የአቶ ነገሪ የአሠራር ሥርዓት በአካባቢው ስም ያገኘው በዚያ ነው። ቁልፍ ሲዞር ሞተሯ እየዞረች የማትነሳ መኪና ተገፍታ ስትመጣ፣ ባለቤቱ በጭንቀት ደጋግሞ ቁልፉን ሲመታ ካዩ በቅድሚያ እጁን ከቁልፉ ያስነሡታል፤ ባትሪውን ከመጨረስ በቀር የሚያተርፈው የለምና። ቀጥሎ ስም ይጠራሉ። ቀጥሎ “መጨረሻ የነካት ማን ነው?” ይላሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ካንዴላ ነቅለው እሳት መኖሩን ያያሉ፤ እሳት ካለ ወደ ቤንዚኑ፣ ቤንዚን ካለ ወደ አየሩ ይሄዳሉ። ይህን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ሠራተኛ እውነተኛውን ብልሽት ቢያገኝ እንኳ አያመሰግኑትም ነበር፤ “በዕድል የተገኘ ነገር ነገ ይጠፋል” ይሉ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የመኪና ስርቆት በመብዛቱ ጋራዣቸው በአንድ ሌላ ሥራም ታወቀ። በመኪናው ውስጥ በስውር ቦታ ትንሽ ማብሪያ ይገጥማሉ፤ ማብሪያው ሲጠፋ ሞተሩ እንደ ወትሮው ይዞራል እንጂ እሳት ስለማያገኝ አይነሳም። አቶ ነገሪ ማብሪያው የሞተሩን መዞር እንዳያግድ አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር፤ ሌባው “ተቆልፋለች” ብሎ ከሚሰብራት “ተበላሽታለች” ብሎ ቢተዋት ይሻላል በማለት። ለዚህም ሥራ የማይጣስ ደንብ አወጡ። ማብሪያው የት እንዳለ የሚያውቁት የገጠመው ሰውና የመኪናዋ ባለቤት ብቻ ናቸው፤ ለባለቤቱ ቦታው በሚታይበት ጊዜም በአጠገቡ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሚስትም ትሁን ወንድም፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። አቶ ነገሪ የገጠሙትን አቶ በከር አያውቁትም፤ አቶ በከር የገጠሙትንም አቶ ነገሪ ጠይቀው አያውቁም።

አረንጓዴዋን መኪና ያገኟት በዚሁ ዘመን ነው። ተጋጭታ የተጣለች፣ ሣር የበቀለባት የቤት መኪና ነበረች፤ ከሥራ በተረፋቸው ጊዜ ሁሉ ቀጥቅጠው፣ ቀብተውና ሞተሯን ከሥሩ አድሰው ለመንገድ አበቋት። ለራሳቸው መኪና ግን ስውር ማብሪያ አልገጠሙላትም። ምክንያቱን ሲጠየቁ “እኔን የሚሰርቀኝ ማን ነው?” ይሉ ነበር። ልጆቻቸውን ያስመረቁባት፣ የእድሩን ድንኳንና ወንበር ያመላለሱባት፣ በዚህ የቆምን ብዙዎቻችን በታመምን ጊዜ ሐኪም ቤት የደረስንባት መኪና ነበረች።

የቀድሞው ሰፈራችን ለግንባታ ሲፈርስ ጋራዡም አብሮ ፈረሰ። አቶ በከር ወደ ሰባተኛ ሰፈር ሄደው በሽቦ ሥራቸው ሲቀጥሉ፣ አቶ ነገሪ በ2003 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ለአንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ከፎቅ ቤት ጋር ለመላመድ ተቸገሩ፤ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ የጎረቤት የውኃ ፓምፕ ድምፅ ሰምተው በር ሲያንኳኩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የሚኒባስ ሾፌሮችን “ሦስተኛው ካንዴላህ ደክሟል” ሲሉ ይውሉ ነበር። መኪናዋ ብቻ ነበረች የምታሳርፋቸው።

በዚሁ ጊዜ የዓይን ግፊት ሕመም ጀመራቸው። ይህ ሕመም ከፊት ለፊት ያለውን ትቶ የጎኑን እይታ ቀስ በቀስ የሚወስድ በመሆኑ፣ አቶ ነገሪ ቀጭን ሽቦ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ቦታ እያስገቡ “ዓይኔ ምን ሆነ?” ብለው ይከራከሩ ነበር። ወይዘሮ ጊፍቲ ወስደው አስመረመሯቸው፤ ሐኪሙ መንዳት እንዲያቆሙ ነገራቸው፤ እርሳቸውም ሐኪሙን በአክብሮት አመስግነው፣ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እየነዱ ወደ ቤት ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ግንቦት ልደታ መጣች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ሳለ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከጎን ወደ መኪናዋ ፊት ሲገቡ አቶ ነገሪ ፈጽሞ አላዩአቸውም። አጠገባቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ደሚቱ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጃቸው ጎትተው መኪናዋ በሴትዮዋ ቀሚስ ጫፍ ላይ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። አቶ ነገሪ ግን መሪውን እንደጨበጡ “ከየት መጣች?” አሉ። ቤት ገብተውም “ከየት መጣች?” አሉ። በማግስቱም፣ በምግብ መካከል፣ ማንም ሳያናግራቸው፣ ያንኑ ጠየቁ።

ቢሆንም መንዳታቸውን አልተዉም። አቶ ቶኩማ ቁልፉን ደበቁ፤ አባታቸው ሌላ ቁልፍ ነበራቸው። አቶ ሸዋንግዛው ስለ ዕድሜና ስለ ጥንቃቄ ረዥም ንግግር አደረጉላቸው፤ አቶ ነገሪ እስከ መጨረሻው ካዳመጧቸው በኋላ “ሸዋንግዛው፣ ቤንዚን ስንት ጊዜ ተቃጥሎ አለቀ መሰለህ አንተ እስክትጨርስ” አሏቸው። በዚህ ጊዜ ነው ወይዘሮ ደሚቱ ለማንም ሳይናገሩ ታክሲ ይዘው ሰባተኛ የሄዱት።

“በከር፣ እንዳትነሳ አድርጋት” አሏቸው።

“እንደ ሌባ?” አሉ አቶ በከር።

“እንደ ሌባ።”

“ደሚቱ፣ የምትይው እኮ ነገሪን ነው። ኮፈኑን በከፈተ በሰዓቱ ያገኘዋል።”

“ካገኘው ያገኘዋል” አሉ ወይዘሮ ደሚቱ። “እስኪያገኘው ድረስ ግን ሰው አይገድልም።”

አቶ በከር እያጉረመረሙ እሺ አሉ። አቶ ነገሪ ለኩላሊታቸው ሐኪም ቤት በተኙበት ቀን መጥተው ማብሪያውን ገጠሙ፤ ደንቡ ደንብ ነውና የት እንደገጠሙት ለወይዘሮ ደሚቱም ቢሆን አልነገሩም። ወይዘሮ ደሚቱ ነገሩን ለልጆቻቸውና ለአቶ ሸዋንግዛው ያሳወቁት ከተፈጸመ በኋላ ነው።

አቶ ነገሪ ከሐኪም ቤት ወጥተው በአንድ እሑድ ጠዋት ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ ዞረች፤ አልነሳችም። ደገሙ። ዞረች፤ አልነሳችም። እጃቸውን ከቁልፉ አንሥተው ወረዱና ቤተሰቡ በሙሉ፣ አቶ በከርና አቶ ሸዋንግዛው ሳይቀሩ፣ ወደ ግቢው እንዲወርዱ አዘዙ።

“ጊፍቲ?” አሉ።

“አልነካሁም አባባ።”

“ቶኩማ?”

“እኔ ደግሞ ቁልፏን መቼ ሰጡኝ?”

“ሸዋንግዛው?”

“ጋሽ ነገሪ፣ እኔ የራሴንም መኪና በቅጡ አልነካ።”

“እሱስ እውነት ነው። በከር?”

አቶ በከር “ቁርስ በልተሃል?” አሉ። አቶ ነገሪም “የኔ ቁርስ መኪና ያስነሳል?” ብለው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

“ደሚቱ?”

“እኔ መኪና የነካሁት መቼ ነው?” አሉ ወይዘሮ ደሚቱ። “አውሮፕላን ሜዳ ላይ ከጮህክብኝ ወዲህ?”

ሁሉም ሳቁ፤ በሳቁም መካከል ጥያቄው አለፈ። አቶ ነገሪ ግን አልሳቁም፤ ኮፈኑን ከፈቱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ የነበረውን ጊዜ ቤተሰቡ አይረሳውም። አቶ ነገሪ ዝናብ ባባራ ቁጥር ከሕንጻው ወርደው ካርቡራተር ይፈታሉ፣ በቤንዚን ያጥባሉ፣ ይገጥማሉ፣ ቁልፉን ያዞራሉ፤ አትነሳም። የቤንዚን ቱቦ ይነፋሉ፤ አትነሳም። ጎረቤት ሁሉ አዋቂ ሆነ፤ አንዱ “ውኃ ገብቷት ነው” ሲል ሌላው “ቀዝቅዟት ነው” ይላል። አንድ ሰው በመስኮት ሆኖ “ጋሽ ነገሪ፣ ቤንዚን አልቆባት እንዳይሆን” ቢላቸው “ላንተ አፍ የማያልቀው ለእሷ ምን በወጣት ያልቅባታል?” ብለውታል። ወይዘሮ ደሚቱ የሞተሯን መዞር ከፎቅ በሰሙ ቁጥር የያዙትን ዕቃ ያስቀምጣሉ፤ ድምፁ ሲቋረጥ መልሰው ያነሣሉ። ትነሳ ይሆን ብለው ይፈራሉ፤ አለመነሳቷም ያስጨንቃቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የታወኩት አቶ በከር ናቸው። ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ እየመጡ ከጓደኛቸው አጠገብ ይቀመጡና መፍቻ ያቀብሉ ነበር። ቀስ በቀስ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ አቶ ነገሪ ካንዴላ ነቅለው እሳት አላዩም። በዘመናቸው ሁሉ ከእሳት በፊት ወደ ቤንዚን ሄደው የማያውቁት ሰው፣ አሁን ከቤንዚኑ አልወጣ አሉ። አቶ በከር አንድ ዓርብ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወደ ወይዘሮ ደሚቱ ወጡ።

“ሥራው ጠፍቶታል” አሏቸው። “ቅደም ተከተሉ ጠፍቶታል። የዓይኑ መድከም ሳያንስ አእምሮውንም እኛ አደከምንበት። ልንቀለው ነው፣ ደሚቱ፤ ይህን ይዤ ሶላት መቆም አልቻልኩም።”

በቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ወይዘሮ ጊፍቲ ይነቀል አሉ። አቶ ቶኩማ “ከተነቀለ ነገ ይነዳል፣ ከነዳ ሰው ይገጫል፤ ያን ጊዜ ማንን ልንጠይቅ ነው?” አሉ። ወይዘሮ ደሚቱ በአንዱ ቀን የአንዱን፣ በሌላው ቀን የሌላውን ሐሳብ ይይዙ ነበር። በመጨረሻ የተስማሙበት ለአቶ ነገሪ እውነቱን ለመናገር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አያውቅም ነበር። ለዚህም መስቀል ካለፈ በኋላ ባለች እሑድ፣ ሁሉም በመኪናዋ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ ንግግሩን እንዲከፍቱም አቶ ሸዋንግዛው ተመረጡ።

“እንግዲህ ጋሽ ነገሪ” ብለው ጀመሩ አቶ ሸዋንግዛው፣ “ዛሬ እዚህ የተሰበሰብነው…”

“በቅድሚያ ስም” አሉ አቶ ነገሪ።

አንድ በአንድ ጠሯቸው፤ አንድ በአንድ አቤት አሉ። ከዚያም “መጨረሻ የነካት ማን ነው?” ብለው ጠየቁ።

አቶ በከር እንደ ተማሪ እጃቸውን አነሡ። “እኔ ነኝ” አሉ።

“አንተ አይደለህም” አሉ አቶ ነገሪ። “መጨረሻ የነካኋት እኔ ነኝ። ናስትሮህ ላልቶ ነበር፣ አጥብቄልሃለሁ።”

 አቶ ነገሪ ማብሪያውን ያገኙት በዚያችው በመጀመሪያዋ እሑድ፣ ሰዉ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ነበር። እሳት አለመኖሩን አይተው፣ ሽቦውን በጣታቸው ተከትለው፣ በመጨረሻ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ነኩ፤ ቀጣዩ ሠራተኛ እንዳይቸገር የናስትሮ ጫፍ የሚያጥፍ ሰው በከተማው ውስጥ ከአቶ በከር ሌላ አያውቁም ነበር። አቶ በከርም ወይዘሮ ደሚቱ ካላዘዟቸው በቀር ይህን እንደማያደርጉ ያውቁ ነበር።

“ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ምን ስታጥብ ነበር?” አሉ ወይዘሮ ደሚቱ፤ ድምፃቸው ተቆጥቶም፣ ሊያለቅስም ነበር።

“እጄን የማሳርፍበት ስፈልግ ነበር” አሉ አቶ ነገሪ። “ካርቡራተሯ እንደሆነ ከእንግዲህ የሚታጠብ የለውም።” ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ያቺ ሴት ከየት እንደመጣች አሁንም አላውቅም፣ ደሚቱ። ይህን የማያውቅ ሰው መንዳት የለበትም” አሉ።

ቀጥለውም ያሰቡትን ተናገሩ። ማብሪያው ባለበት ይቆይ፤ መኪናዋ ከዛሬ ጀምሮ የወይዘሮ ደሚቱ ትሁን፤ እርሳቸው መንዳት ይማሩ፤ አቶ ነገሪ በጎን ተቀምጠው ሞተሩን ያዳምጡ። አቶ ቶኩማ “እማማ በዚህ ዕድሜ?” አሉ። ወይዘሮ ጊፍቲ ወንድማቸውን ገላምጠው እርሳቸውም ስለ ልደታ ትራፊክ ስጋታቸውን ተናገሩ። አቶ ሸዋንግዛው ጉዳዩ ጊዜ ተሰጥቶት በኮሚቴ ቢታይ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አቶ በከር ብቻ “ፍሬን መያዝስ ታውቃለች፤ በሁለት እጇ ስትጎትት ታይታለች” አሉ።

ወይዘሮ ደሚቱ ለረዥም ጊዜ መኪናዋን ሲመለከቱ ቆይተው “ብትጮህብኝ እወርዳለሁ” አሉ።

“ከጮህኩ እኔ ልውረድ” አሉ አቶ ነገሪ።

ከዚያም አቶ ነገሪ የመኪናዋን በር ከፍተው ባለቤታቸውን በመሪው በኩል አስቀመጧቸውና እጃቸውን በእጃቸው ያዙ። ማብሪያው የት እንደሆነ በዚህ ዜና ሕይወት አይገለጽም፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በሥራ ላይ ነው። አቶ ነገሪ የወይዘሮ ደሚቱን ጣት ወደዚያ ከመውሰዳቸው በፊት ግን ቀና ብለው በዙሪያቸው የቆሙትን ተመለከቱ። በቅድሚያ አቶ በከር ጀርባቸውን ሰጡ። ወይዘሮ ጊፍቲ ዞሩ። አቶ ቶኩማ ጥቂት አመንትተው ዞሩ። በመጨረሻም አቶ ሸዋንግዛው፣ የጀመሩት ንግግር በአፋቸው እንዳለ፣ ፊታቸውን ወደ ሕንጻው አዞሩ።